ያላመሰገንኋቸው ዳኛ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ረመዳን ሊገባ ሲል ነው። ከአእምሮዬ ያልወጣው ስለተሸነፍሁ አይደለም፤ አሸንፌያለሁ። ማሸነፌ ግን እስከ ዛሬ ግራ ያጋባኛል።

ተወልጄ ያደግሁት ሞጣ ነው። በትዳር ቢቸና መጥቼ ገበያው ዳር ልብስ እሰፋለሁ። አንድ ጠዋት ሰዎች ሱቄን ሊያሽጉ መጡ፤ የመሥሪያ ቤታቸውን ስም ልተወው። «ቦታው ለመንገድ ይፈለጋል» አሉኝ። ከዚያ በፊት ያስጠነቀቀኝም የጠየቀኝም የለም። «በሕግ አምላክ!» አልኋቸው። እንዲህ ሲባል እንኳን ሰው የሚፈስ ውሃም ይቆማል ይባላል፤ እነሱ ግን አልቆሙም። የሰው የዒድ ልብስ ከነስፌት መኪናዬ ተቆለፈበት።

እያለቀስሁ ሄጄ ከሰስሁ።

አባቴ ይህን ሲሰሙ ከሞጣ ገሥግሠው መጡ። ጎረቤቴን መሪጌታን ይዘው ዳኛው ቤት ለአማላጅነት ሊሄዱ ተነሡ።

«አባባ፣ ይተዉ፤ ይህ እኮ ሠርግ አይደለም» አልኋቸው።

«ዝም በይ አንቺ! ዳኛም የሰው ልጅ ነው፤ ሽማግሌ ያከብራል።»

ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል። «ተነሥቶ ተቀበለን፤ ጉልበታችንን ስሞ እስከ መንገድ ሸኘን» አሉ።

«ስለ ሱቁስ ምን አሉ?»

«ምን ይላል? ሸኘን አልሁሽ እኮ!»

በቀጠሮው ቀን ዳኛው ገና ከመቀመጣቸው፣ «በዚህ ጉዳይ ከከሳሽ ወገን ሽማግሌዎች ቤቴ መጥተዋል። ከመሥሪያ ቤቱም ስልክ ተደውሎልኛል። ሁለቱንም አልሰማሁም። በእኔ መዳኘት ቅር የሚለው ካለ ይናገር፤ ከመዝገቡ እነሣለሁ» አሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ዞሬ ባይ አባቴ አቀርቅረዋል። የመሥሪያ ቤቱ ነገረ ፈጅም አቀርቅሯል። ማንም ቅር አለኝ አላለም።

ክርክሩ ተሰምቶ ውሳኔው ሲነበብ፣ ሳይነገረኝና ቃሌ ሳይሰማ መታሸጉ ሕገ ወጥ ስለሆነ ሱቁ ይከፈት ተባለ። መሥሪያ ቤቱ ቦታውን ከፈለገው ግን አስጠንቅቆ፣ እኔንም ሰምቶ ይወስን ተባለ። ልደሰት ወይስ ልፍራ? አላወቅሁም።

ሱቄ ለዒድ ደረሰልኝ። አባቴ ግን ሞጣ ተመልሰው «በሽማግሌ አስከፈትናት» እያሉ አወሩ፤ ወሬው ቢቸናም ደረሰ። «በጆሮዎ ሰምተው የለም ወይ?» ብላቸው፣ «እሱማ ለሰው ፊት ብሎ ነው፤ ብልህ ነው» አሉኝ።

ሰሞኑን ደግሞ በመሬቷ ጉዳይ የምትካሰስ አንዲት ደንበኛዬ ቀሚስ ልትለካ መጥታ፣ «እነዚያን ሽማግሌዎች ለእኔም ላኪልኝ» አለችኝ።

«እህቴ፣ ዳኛው አልሰሟቸውም። የፈረደልኝ ሕጉ ነው።»

ፈገግ አለች። «ካልፈለግሽ ይቅር» ብላ ወጣች። በጣም ተናደድሁ። ብቻዬን ስቀር ግን እኔው ራሴ «አባባ ባይሄዱ ኖሮስ?» አልሁ፤ በራሴም አፈርሁ።

ዳኛው አንዳንዴ በሱቄ ደጅ ያልፋሉ። «አላህ ውለታዎን ይክፈል» ልላቸው ከስፌት መኪናዬ ብድግ እላለሁ። ከዚያ ገበያተኛው አይቶ «ይኸው፣ አላልንም!» ሲል ይታየኛል። እሳቸውም ወደ እኔ ዞር ብለው አያዩም። ባመሰግናቸው ስማቸውን አጠፋለሁ፤ ስለዚህ ተመልሼ ተቀምጬ፣ አንገቴን ደፍቼ እሰፋለሁ።