የአባባ ልብ በላፕቶፕ

ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው፤ ተማሪዎች የሰውነት ድምፅና ግፊት በኮምፒውተር መቅዳት የሚለማመዱበት ላብራቶሪ ውስጥ። ማይክሮፎኑ ደረት ላይ ይለጠፋል፣ የግፊት መለኪያው ክንድ ላይ ይጠመጠማል፤ የልብ ድምፁና የደም ግፊቱ ሁለት መስመር ሆነው ላፕቶፑ ላይ ይሄዳሉ። ይኸው ነው። አባባ ግን ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ልብ ትቀዳለች» እያሉ መግቢያ አሳጥተውኛል።

እሳቸው ዕድሜያቸውን የፈጁት ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን ሲጠግኑ ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር አብረን እንኖራለን። ያን ሰሞን ወደ ቤት የምትወስደውን ዳገት ሲወጡ መሀል ላይ እየቆሙ የማያውቁትን ሰው ሁሉ ሰላም ማለት ጀመሩ። ማንን ሊያታልሉ! ትንፋሽ እያጠራቸው ነበር። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላቸው መልሳቸው «አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ብቻ ነው። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ አኮረፍኩ፤ ወይ ፍንክች። ወር ሙሉ ስንጨቃጨቅ ከርመን በኔ መሣሪያ ለመቀዳት እሺ አሉ፤ እሱንም ለኔ ብለው እንጂ አምነውበት አይደለም።

አንድ ቅዳሜ ዕቃውን አስፈቅጄ ቤት አመጣሁት። ሸሚዛቸውን ከፍተው አልጋ ላይ ቁጭ አሉ። እንዳይናገሩ አስጠነቀቅኋቸው፣ አፋቸውን ግጥም አደረጉ። መቅዳት ጀመርኩ። ስክሪኑን አየሁ። በምትና በምት መሀል ፀጥ ማለት የነበረበት ቦታ ሁሉ ጉርምርምታ ነው። የልብ በር ሲያፈስ እንዲህ ያለ ድምፅ እንደሚሰማ ለተማሪ የማስረዳው እኔው ነኝ። እንባዬን እንዳያዩብኝ ሽቦ የማስተካክል መስዬ አቀረቀርኩ።

ቀና ስል የአባባ ከንፈር አይንቀሳቀስም፤ ጣታቸው ግን ጉልበታቸው ላይ አንድ በአንድ ይታጠፋል። ለካ አፋቸውን ገጥመው በጉሮሯቸው ዚክር እያሉ፣ የአላህን ስም እያወሱ ኖሯል! ዝም ይበሉ አላልኩም ወይ ብዬ ጮህኩባቸው። ለሰው አልተናገርኩም ብለው መለሱልኝ። ሳቄና ልቅሶዬ አንድ ላይ መጣ።

ዚክሩን አስትቼ እንደገና ቀዳሁ። ጉርምርምታው ጠፋ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ደህና ነዎት ልላቸው አፌን ስከፍት፣ እስቲ አሰሚኝ አሉ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ለቀቅኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ማሽን ሲያዳምጡ እንደኖሩት አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ። ድገሚው አሉ፤ ደገምኩት።

«አንዳንዱ ምት ይዘገያል» አሉ። «ይኸን ማሽን ባለሙያ ይየው።»

እኔ በዚያ ጉርምርምታ ተደናግጬ፣ ኋላም ጠፋ ብዬ ተደስቼ ልብ ያላልኩት ነገር ነው። ወደ ስክሪኑ ተመለስኩ፤ እውነትም የግፊቱ መስመር ላይ አንዱ ምት ከሌላው አንዴ እየራቀ፣ አንዴ እየቀረበ ይሄዳል። ስንት ዓመት የተማርኩትን በጆሯቸው ቀደሙኝ። ያ ሁሉ ልመናዬ ያልነቀነቃቸው ሰውዬ ሰኞ ጠዋት ጫማቸውን አስረው፣ በር ላይ ቆመው ቶሎ በይ እያሉ ያጣድፉኝ ጀመር።

ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ መርምሮ የልብ ምታቸው መዛባቱን አረጋገጠ፤ በጊዜ መጣችሁ ብሎ መድኃኒት አስጀመራቸው። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መድኃኒቱን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ያን ቅዳሜ በጉሮሯቸው ምን እያሉ እንደነበር ጠየቅኋቸው። በዚክሩ መሀል ለልባቸው ዱዓ ያደረጉ መስሎኝ ነበር።

«ስለ ልቤማ አላነሳሁም» አሉኝ መስኮቱን እያዩ። «ያረቢ፣ የልጄ መሣሪያ እንዳያሳፍራት ነው ያልኩት።»