ሀብሉን ያዝ!

ሰሞኑን የአባባ ሙት ዓመት ሲደርስ የሠርጌን ካሴት ይዤ ሞጣ አንድ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ዘንድሮ ኮምፒውተር የማያጠራው ነገር የለም ብለውኝ ነው። የፎቶ ቤቱ ልጅ ካሴቱን ኮምፒውተር ላይ ገልብጦ እያሳየኝ፣ "እናቴ፣ አባትዎ የትኛው ናቸው?" አለ። በጣቴ አሳየሁት። ከአንገቴ ሀብል በላይ ያለው ነጭ ጭጋግ ነው አባባ። ዛሬም ልቤ እርር አለ።

ብቸና ስዳር ጥር ነበር፤ ጤፉ ተወቅቶ ገና ገለባው አውድማ ላይ አለ። አባባ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ በዕድሜያቸው ፎቶ ተነስተው አያውቁም። "መልኬን ፈጣሪ ያውቀዋል፤ ለማን ላሳየው ነው?" ይሉ ነበር። ለሠርጌ ግን ለምኜ ለምኜ፣ "እሺ፣ ላንቺ ስል" አሉኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ!

ቪዲዮ ቀራጩን ከሞጣ ያመጣው የሙሽራው አጎት ነው። ሰውየው የመንገዱን አቧራ ለብሶ ደረሰ፤ ዳቦና ጠላ ቀርቦለት ጉሮሮውን ካረጠበ በኋላ እኔ ወዳለሁበት ገብቶ ካሜራው አፍ ላይ የሚገጠሙ ሁለት ክብ መስታወቶች ከጨርቅ ፈታ።

"ይቺኛዋ በመጠኑ ታቀርባለች፤ ይቺ ግን የወርቁን ቅርጽ ሳይቀር ታወጣለች። ብቻ ራቅ ያለውን ታደበዝዛለች" አለ።

"ኃይለኛዋን ግጠም!" አለ አጎትየው። "ይሄን ሁሉ ወርቅ ያመጣነው ለጨለማ ነው እንዴ?"

ሙሽራ አፍ የላትም። ቢሆንም ቀስ ብዬ፣ "ወንድምዬ፣ አባባ ሲመርቁኝ ፊታቸው ይታይልኝ፤ አደራ" አልኩት።

"ችግር የለም፣ ያኔ እነቅላታለሁ" አለኝ። ደግ ሰው ነበር።

ጥሎሹ ተዘረጋ። ሚዜው ሀብሉን ከፍ አድርጎ አሳየ፤ ዘመዶቼ እንደ ወጉ "አነሰን!" እያሉ ቀለዱበት፤ አንገቴ ላይ ታሰረ። ከዚያ የአባባን ጉልበት ልስም ተንበረከክሁ። ግንባሬ ጉልበታቸው ላይ እንዳለ አጎትየው ጮኸ።

"ምን ትነቅላለህ! ተወው! ሀብሉን ያዝ፣ ሀብሉን!"

አባባ "እንደ አብርሃም እንደ ሣራ ያርጋችሁ" ሲሉ እሱ ከላያቸው ይጮሃል። ምነው ቀና ብዬ "ዝም በል!" ባልኩት ኖሮ! ግን ያልተቀጣች ልባል ነው፤ አባባ ፊት ደግሞ! አንገቴን እንደደፋሁ "አሜን" አልኩ።

ሀብሉ ለካ ትውስት ኖሯል። ሞጣ ገብቼ ገና ጫጉላው ሳያልቅ የሀብሉ ባለቤት መጥታ ከአንገቴ ፈታ ወሰደችው። አባባም በዚያው ክረምት አረፉ።

አጎትየውን ይቅር ብዬዋለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ልጆቼ "አያታችን ምን ይመስሉ ነበር?" ሲሉኝ ስለ ጺማቸው፣ ስለ ግንባራቸው አወራላቸዋለሁ። ወሬ ግን ፊት አይሆንም። ያንን ፊት የሚያውቁት አንድ በአንድ አለቁ፤ እኔም ስሄድ አብሮኝ መሄዱ ነው።

የፎቶ ቤቱ ልጅ ብዙ ታግሎ ታግሎ ተስፋ ቆረጠ።

"አልሆነም እናቴ። ሀብሉ ግን እንዴት ጥርት ብሏል! እሱን አጉልቼ ላትምልዎ?"

"ተወው ልጄ" አልኩት፣ "የሰው ነው።"