አናት ላይ የተነሰነሰ ዱቄት

ደንበኞቿ «ወርቅ እጅ» የሚሏት ጸጉር ሠሪ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ማለት ትወዳለች። እሷ ቤት ማበጠሪያ ከመጥፋቱ በፊት ተጠርጣሪው ተመርጦ ያልቃል። ዘንድሮ ግን ጠርጥራም ተመነጠረች። አናቷ ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው ባዶ ቦታ ወጣ፤ በስድስት ወር የብርጭቆ አፍ አከለ።

ተጠርጣሪዋ አብራት የምትሠራው የባሏ ታናሽ እህት ናት። ቅባቱን የምትቀላቅለው እሷ፤ በመስታወት ውስጥ ዓይኗን ወርቅ እጅ አናት ላይ የምትጥለውም እሷ። «ቅባቴ ውስጥ የሆነ ነገር ጨምራብኛለች። ራሰ በራ ጸጉር ሠሪ ዘንድ ማን ይመጣል? ወንበሬን ልትወርስ ነው» አለች በልቧ። የቅባቱን ጠርሙስ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችባት። ልታባርራት ቆርጣ፣ ማስረጃ ፍለጋ ቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄደች።

ሐኪሟንም አላመነቻትም። ልጅ እግር ናት፤ የያዘችውም መብራት ያላት ትንሽ አጉሊ መነጽር ብቻ። ደግነቱ ወርቅ እጅ ተዘጋጅታ ነው የመጣችው። ጸጉራቸው ለሳሳ ደንበኞች የምትነሰንሰውን ጥቁር ዱቄት የራሷ አናት ላይ ነስንሳበታለች። ግማሹ ለእፍረት፣ ግማሹ ለፈተና። «አዋቂ ከሆነች ታገኘዋለች።»

ሐኪሟ ጸጉሩን ከፍላ መነጽሯን ቆዳው ላይ አሳረፈችና ፊቷ ፈካ።

«እሰይ! ጥቁር ነጥቦች አሉ። ቆዳው ውስጥ የተሰበረ ጸጉር ይመስላል። እንዲህ ከሆነ ሥሩ አልሞተም፤ መልሶ ይበቅላል።»

መልሶ ይበቅላል! ስድስት ወር የናፈቀችው ቃል። ቦርሳዋን አንስታ ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ቆመች። የቱ የተሰበረ ጸጉር?

«ልጄ፣ ጥጥ አለሽ?»

«ለምን?»

«ያየሽው የኔ ዱቄት ነው። ልፈትንሽ ብዬ...»

«እኔን ነው ራስዎን?» አለች ሐኪሟ፤ አልሳቀችም። አናቷን በአልኮል ጠረገችው። ጥጡ ከሰል መሰለ።

አሁን ረጅም ጊዜ ወስዳ አየች። ከዚያ መነጽሯን ከስልኳ ጋር ገጥማ ምስሉን አሳየቻት።

«መሀሉን ይዩ። ጸጉር የሚወጣበት ቀዳዳ የለም፤ ጠባሳ ሆኗል። እዚህ አይበቅልም። ዳሩ ላይ ግን፣ ይኸው፣ በየጸጉሩ ሥር እንደ አንገትጌ የከበበ ቅርፊት አለ። በሽታው ገና ሥራ ላይ ነው። ከዳሩ ትንሽ ቆዳ ወስደን እናረጋግጥ፤ ከዚያ በመድኃኒት የተረፈውን ለማዳን እንሞክራለን።»

«ሰው ነው ያደረገብኝ? በቅባት?»

«አይመስለኝም። የራስዎ ሰውነት ነው ሥሩን የሚዋጋው።»

ከሰዓት በኋላ ናሙና የተወሰደበትን ቦታ በፋሻ አሽጋ ሱቋ ተመለሰች። የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠችና አንገቷን ደፋች።

«ነይ፣ እዪው።»

የባሏ እህት ንክችም አላደረገችው። «እትዬ፣ እኔ እኮ ካወቅሁ ቆየሁ። እንዳታፍሪ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እየሰፋ እንደሆነ በመስታወት እጠብቀው ነበር።»

ወርቅ እጅ የመሳቢያውን ቁልፍ ከቦርሳዋ አውጥታ ዘረጋችላት። ልጅቷ ስትቀበል ግን አልለቀቀችም።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም!»

«ለወንድምሽስ?»

«ለሱማ ምን እነግረዋለሁ፣ እሱ አይደል የነገረኝ!»

ቁልፉን ለቀቀችላት። አሁን የሚጠረጠረው ሌላ ሰው ነው።