ሦስት ሰዓት ላይ የተገለበጠው ተራ

ታላቅ ወንድሜ አዲሱ ገበያ የሚኒባስ ተራ አስከባሪ ነበር። በደብተር እየጻፈ ከሹፌሮች ጋር ሲጨቃጨቅ ማየት ያንገበግበኝ ስለነበር፣ ሥራዬ ፕሮግራም መጻፍ ነውና አንድ መተግበሪያ ሠራሁለት። እሱ ላይኛው በር፣ ባልደረባው የሆኑት ሽማግሌ ታችኛው በር ላይ ሆነው የገባውን ታርጋ በየስልካቸው ይመዘግባሉ፤ መተግበሪያው ሁለቱን ዝርዝር በሰዓት ቅደም ተከተል አዋህዶ እኔ የያዝኩት ታብሌት ላይ አንድ ተራ ያወጣል። ቤቴ፣ በራሴ ስልኮች ስሞክረው እንከን አልነበረውም። ጉራዬ ጣሪያ ነክቶ ነበር።

መተግበሪያው ሥራ በጀመረበት ቀን እስከ ሦስት ሰዓት ወንድሜ ብቻውን ሲመዘግብ ሰላም ነበር። ሽማግሌው መጥተው መመዝገብ ሲጀምሩ ግን የታችኛው በር መኪኖች በሙሉ ከላይኞቹ ቀድመው ተሰደሩ። አንድ ሹፌር ታብሌቱን አይቶ ደሙ ፈላ።

«ከሁለት ሰዓት ጀምሬ ቆሜ፣ አሁን የመጣው ይቅደመኝ? ዘመዶችህን እያሳለፍክ ነው አይደል!» ብሎ ወንድሜን አነቀው።

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። «እስኪ እይው፣ ተሳስቶ እንዳይሆን» አለኝ።

በሰው ፊት ሥራዬን ተጠራጠረ ብዬ ተናደድኩ። «ማሽን አይሳሳትም! በቃ፣ ተራችሁን ጠብቁ!» ብዬ ጮህኩ።

ሹፌሩ ለቆት ከሚኒባሱ መቀመጫ ሥር የጎማ መፍቻ ብረት መዞ ወንድሜን ግራ ዓይኑ ላይ መታው። አጥንት ሲሰበር ሰማሁ። በጉልበቱ ሲወድቅ ደገመው። እኔም ታብሌቱን በሁለት እጄ ይዤ የሹፌሩን ፊት ቀጠቀጥኩት፤ መስታወቱ ረግፎ፣ አፍንጫው ደም በደም ሆኖ፣ ሰዎች በፀጉሬ ጎትተው እስኪያላቅቁኝ አላቆምኩም። ልገድለው ፈልጌ ነበር።

ጳውሎስ ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ፣ ሽማግሌው ስልካቸውን አወጡ።

«አራት ሰዓት ከሩብ ሆነ» አሉኝ።

ስልኩን ከእጃቸው ነጠቅኩ። 4:15 ይላል። የእኔ ስልክ 10:15 ነው።

«አባባ፣ ሰዓቱን ማን ሞላልዎት?»

«እኔው ነኛ! ስገዛው የፈረንጅ ሰዓት ነበር፤ ወደ አገራችን መለስኩት።»

ዕድሜዬን ሙሉ ጠዋቱን ሦስት ሰዓት እያልኩ የኖርኩት እኔ፣ የሳቸው ስልክ ሦስትና የወንድሜ ስልክ ዘጠኝ ያው ሰዓት መሆናቸውን ለመተግበሪያው አልነገርኩትም። እሱም ሦስትን ከዘጠኝ አስቀደመ።

ዓይኑ አልተረፈም። በሦስተኛው ቀን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኩት። በቀረው ዓይኑ አየኝ።

«ሰዓቱስ ይሁን» አለ። «እስኪ እይው ስልሽ ግን ለምን አላየሽም?»