ያልደረቀው ልስን

በእኛ ልማድ ሞት በስልክ አይነገርም። የእናቴ አንድያ ወንድም ጎንደር ላይ ማረፉን እኛ ልጆቿ ሰማን፤ እሷ ግን አልሰማችም። መርዶ የሚነገረው ሽማግሎች ተሰብስበው፣ ማለዳ፣ እህል ሳይቀመስ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ቤቱ ለለቅሶኛ መሰናዳት አለበት። እዚህ እስራኤል፣ በክፋር ብራንዳይስ ያለው ቤታችን፣ በተለይ የእናቴ መኝታ ክፍል የውጪ ግድግዳ፣ ለለቅሶኛ የሚሆን አልነበረም። ጨዋማው የባሕር ነፋስና ዝናቡ ተባብረው ልስኑን ነፍተውት በላይ በላዩ ይረግፋል። ድንኳን የሚተከለው ደግሞ እዚያው ሥር ነው።

«በለቅሶኛ ራስ ላይ ጢያሕ ቢወርድ ሌላ ለቅሶ ነው» አሉኝ የእናቴ የአጎት ልጅ፣ የዘመዱ ሁሉ ሽማግሌ። ጢያሕ የሚሉት ልስኑን፣ ኪር የሚሉት ግድግዳውን ነው፤ ከመጣን ወዲህ የግንባታ ነገር ሁሉ በዕብራይስጥ ነው የሚጠራው። «አንተ ኪሩን አስተካክል። ሲያልቅ እኛ እንነግራታለን።»

«እሺ አባ» አልሁ።

የጠራሁት ኮንትራክተር የነገረኝ ዋጋ ግድግዳ የሚጠግን ሳይሆን ቤት የሚገዛ ስለመሰለኝ ራሴ ገባሁበት። ለእናቴ፣ «ወንድምሽ ሲመጣ ቤቱ አምሮ ይቆየው ብዬ ነው» አልኋት። ለመምጣት ፈቃድ ሲጠብቅ ነበር ያረጀው። «ደግ አሰብህ» አለችና ወደ ውስጥ ገባች።

የተላቀቀ ልስን የሚለየው በመዶሻ እጀታ ሲመታ ነው። ጤነኛው ደፈን ያለ ድምፅ አለው፤ የተነፋው እንደ ባዶ እንስራ ይጮኻል። መታሁ።

«ማነው?» አለች እናቴ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ እማዬ።»

ፈቀቅ ብዬ ደግሜ መታሁ። «ማነው?» እኔ መሆኔን እያወቀች ትጠይቃለች። በመታሁ ቁጥር ድምፅዋ እየቀጠነ ሄደ። መርዶ ይዤ በሯን የማንኳኳ መስሎ ተሰማኝ። ፈራሁ፣ እውነቱን ለመናገር።

ቢሆንም ባዶውን በመሮ አራገፍሁ፣ አቧራውን ጠረግሁ፣ ግድግዳውን አርጥቤ አሸዋና ሲሚንቶ አቡክቼ በሁለት ዙር ለሰንሁት። እናቴ ወጥታ በመዳፏ ዳሰሰችው። «ጭድ የሌለው ምርጊት! የአገራችን ሴቶች ቢያዩህ በሳቅ ይሞቱ ነበር» አለች። የቀረው ቀለም ነው፤ ቀለም የሚቀባው ደግሞ ልስኑ ደርቆ ሲነጣ ነው።

አልደረቀም። ፀሐዩ አናት የሚበሳ ነው፣ ከዝናብ ጋር ከተለያየን ቆይተናል፤ ያ ልስን ግን ሁልጊዜ ጧት ጧት ጠቁሮና ረጥቦ አገኘዋለሁ። ቧንቧ ፈነዳ ብዬ ዙሪያውን ፈተሽሁ፤ ምንም የለም። ሽማግሌው ይደውላሉ። «ደረቀ?»

«አልደረቀም አባ።»

«ሰውየው ሞቶ እስከ መቼ ሳይለቀስለት ይቆያል?»

ይህ ቃላቸው ሰላም ነሣኝ። እኔ በቡዳና በዛር ከሚስቁት ወገን ነኝ። ነገር ግን ከሥራ ስመለስ በዚያ ግድግዳ በኩል ማለፍ ተውሁ። ያልተለቀሰለት ሰው የሚያርፍበት ቢያጣ እህቱ ግድግዳ ላይ የተቀመጠ መሰለኝ። ሌላም ነገር ነበር። እናቴ ዓርብ ዓርብ ሰንበት ሳይገባ ወንድሟ ጋ ሳትደውል አትውልም። «ጎንደር ኔትወርክ ጠፍቷል» የምትል ውሸት አሰናድተን ነበር። ግድግዳውን ከነካሁ ወዲህ ግን ደውሉልኝ ብላ አታውቅም፤ ውሸታችን ሥራ ፈትታ ቀረች። ያኔ መንቃት ነበረብኝ።

አንድ ቀን ከሀደራ ምዕራብ ጣቢያ የሚነሳውን የመጀመሪያውን ባቡር ለመያዝ ጎሕ ሲቀድ ወጣሁ። ከቤቱ ጀርባ የውሃ ድምፅ ሰማሁ። ዞሬ ሳይ እናቴ ናት። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ባልዲ እግሯ ሥር አስቀምጣ፣ በጣሳ እየቀዳች በመዳፏ ልስኑ ላይ ትረጫለች።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

አልደነገጠችም። «እንዳይደርቅ ነው።»

«ለምን?»

«ልጄ፣ እኛ አገር ቤት የሚመረገው ለሰርግ ነው፣ አለዚያ ለተዝካር። አንተ እንደሆንህ ልታገባ ነው ሲባል አልሰማሁም።» እንደገና ረጨች። «መዶሻውን ያነሣህ ዕለት አውቄያለሁ። ጢያሑ እስኪደርቅ ወንድሜ አለ ብዬ ነው።»

ጣሳውን ተቀበልኋትና ከባልዲው ቀድቼ እኔም ረጨሁ። ባቡሩ ሄደ። ውሃው በአዲሱ ልስን ላይ ወርዶ ወርዶ እግራችን ሥር እስኪደርስ ድረስ ቆመን አየነው።

«ይበቃል» አለች በመጨረሻ፣ ጣሳውን ከእጄ ወስዳ። «አባን ደረቀ በላቸው። ማወቄን ግን እንዳትነግራቸው። ሽማግሎች ናቸው፣ በወጉ መጥተው ይንገሩኝ። እኔም በወጉ አልቅሼ ልሸኘው።»

«ቀለሙስ?»

«ቀባው እንጂ።» በሩ ጋ ደርሳ ዞር አለች። «ከወዲያኛው ጥግ ጀምር። እኛ የረጨነውን መጨረሻ አድርገው።»

ከወዲያኛው ጥግ ጀመርሁ።