ሰይድ የታየበት ዘጋቢ ፊልም

ዛሬ ከዙህር ሶላት በኋላ ጎረቤቴ እትዬ ዘሃራ ልጃቸው ሰይድ ሲስቅ ስልኬ ላይ አዩት።

ሰይድ በጦርነቱ ጊዜ ከቆቦ እንደወጣ አልተመለሰም። እኛ ሽማግሌዎች ስንት ጊዜ ተመላልሰን ለምነናቸው፣ ነገ የሙት ሰደቃ ሊያወጡለት ተስማምተው፣ በጉም ታስሮ ነበር።

በዚህ ሳምንት ሦስት ፊልም አየሁ። የመጀመሪያው የፍቅር ነው፤ ከንግግሩ ለቅሶው ይበዛል። በሁለተኛው ገበሬው በተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ያርሳል። ራያ ቆላ መጥቶ ቢሞክረው በሬዎቹም ይታዘቡታል።

ሦስተኛው ከጦርነቱ በኋላ ስላለው ኑሯችን የሚተርክ ዘጋቢ ፊልም ነው። በጥንቃቄ የተሠራ ይመስላል፤ ነገር ግን አሮጌውንና አዲሱን ምስል ቀላቅሎ፣ የትኛው መቼ እንደተቀረጸ አይናገርም።

ሰይድ የሚታየው አስተምርበት በነበረው ክፍል ፊት ቆሞ ነው። ክፍሉ ጣሪያ አለው። ያ ጣሪያ በጦርነቱ ተቃጥሏል፤ ስለዚህ ምስሉ ከዚያ በፊት የተቀረጸ ነው። እኔ ግን ይህን አስቀድሜ ሳልነግራቸው፣ ፊቱን እንዲያዩት ብዬ ስልኩን ሰጠኋቸው። ጥፋቱ የእኔም ነው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ አለ። በሉ በጉን ፍቱት፤ በሕይወት ላለ ልጅ የሙት ሰደቃ አላወጣም» አሉ።

የጣሪያውን ነገር ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው።

«ጣሪያ እኮ ይሠራል፣ መምህር። መልሰው ሠርተውት ይሆናል። ነገ ጠዋት ወደ ክፍሉ ይውሰዱኝና ልየው።»

በየቀኑ በዚያ አልፋለሁ፤ አልተሠራም። አፌ ግን «እሺ» አለ።

እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ ካላችሁ፣ ለእናትየዋ እንዴት እንደነገራችኋት ጻፉልኝ። እስከ ጠዋት አነባለሁ።