ጎርፍ ያጠጣሁት ጥድ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሰላም ቆቦ ካለው ችግኝ ጣቢያ ሁለት ፎቶ በስልክ ላከችልኝ። አዲሱ ቤቷ ደጃፍ ላይ ጥድ ልትተክል ነው። አንደኛው ችግኝ የሐበሻ ጥድ ነው፣ አጭር፤ ሌላው የፈረንጅ ጥድ፣ ቀጥ ብሎ ያደገ። «አባዬ፣ የትኛውን ልውሰድ?» ትላለች። እኔ ስለ ጥድ የምጠየቅ ሰው አይደለሁም። ስልኩን ለእናቷ ለዝናሽ ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ አየችና «አጭሩን በላት» ብላኝ ሳቀች። ለምን እንደሳቀች አውቃለሁ።

እኔ ቆቦ አጠገብ ማሽላ እያረስሁ ያደግሁ የቆላ ሰው ነኝ። ዝናሽን ያገባኋት ከላይ ከተራራው፣ ሐምሌ ላይ ጋቢ ሳይደርቡ ከማይወጣበት አገር ነው። የመጀመሪያው በጋ ፈተናት። ሚያዝያ ላይ ንፋሱ ራሱ ከምድጃ የወጣ ይመስላል። በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን እያራገበች «እዚህ አገር ጥላ የሚባል ነገር የለም?» ትለኛለች። ግራር አለ ብላት ግራርን ከዛፍ አልቆጥር አለች።

ግንቦት ላይ ዘመዶቿን ጠይቃ ስትመለስ ከቤተ ክርስቲያናቸው አጥር ሥር የበቀለች የጥድ ችግኝ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ መጣች። ስንዝር አትሞላም። ከብዙ መሃል ሥሯ ደህና የያዘውን መርጣ ነው ያመጣቻት። ከጓሯችን፣ የእናቴ ጎጆ ጥላ በሚያርፍበት በኩል ተከለቻትና ማታ ማታ አንድ ጣሳ ውሃ ታጠጣት ጀመር። ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች። ሰኔ ሲገባ እንደ ወጉ የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ዘንድ ልትወልድ ስትሄድ እንዲህ አለችኝ፦

«ስመለስ ጥዷ ካለች እዚህ እኖራለሁ። ቆላው ከገደላት ግን ለእኔም አይበጀኝምና አንተ ወደ እኛ ትመጣለህ።»

እየሳቀች አልነበረም። እናቴ ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም፤ መሬቱንም የሚያርስላት የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ከበሬዎቼ በፊት የማየው ጥዷን ሆነ።

ሐምሌ ላይ ከተራራው ጎርፍ ወረደ። እኛ ራያዎች ከጎርፍ አንሸሽም፤ ቦይ ቀደን ወደ ማሳችን እንጠልፈዋለን፤ ማሽላችን የሚያድገው በዚያ ነው። እኔም ማሽላውን የጠቀመ ጥዷን አይጎዳትም ብዬ አንዱን ቦይ በጓሮ በኩል መራሁት። ውሃው ሲጎድል ጥዷ እስከ ጫፏ ደለል ውጧታል። በእጄ ቆፍሬ አወጣኋት። ብዙም ሳትቆይ ቅጠሏ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ደረቀች። እናቴ አጠገቤ ቆማ «ልጄ፣ ጥድ ማሽላ መሰለህ?» አለችኝ።

ጎብዬ ገበያ ሄድሁና ችግኝ ከሚሸጥ ሰውዬ ጥድ ገዛሁ። ዝናሽ ስታየው ፈጥና አድጋለች ትላለች ብዬ ረጅሙን መረጥሁና በሞተችው ቦታ ተከልሁት። የፈረንጅ ጥድ መሆኑን አላወቅሁም፤ ለእኔ ጥድ ሁሉ ጥድ ነበር።

ጥቅምት ላይ ዝናሽ ሰላምን አዝላ ተመለሰች። ሳትቀመጥ ጓሮ ገባች። ቅጠሉን ቆንጥራ በጣቷ አሸችና አሸተተችው።

«ይሄ የእኔ ጥድ አይደለም» አለች።

መዋሸት አልሆነልኝም። ጎርፉን፣ ደለሉን፣ ጎብዬን፣ ሁሉንም ነገርኋት። እየነገርኋትም በሬዎቼን ለማን እንደምሸጥና እናቴን እንዴት ደጋ ይዤ እንደምወጣ አስብ ነበር።

«እንግዲያው ቆላው አልገደላትም» አለች በመጨረሻ። «አንተ ነህ የገደልኻት። እኔ ያልሁት ቆላው ከገደላት ነው።» ከዚያ ልጅቷን ከጀርባዋ አውርዳ ለእናቴ አስታቀፈቻት።

ይኸው ስንት ዓመት ሙሉ ያን ቀን ለጥቂት እንዳመለጥሁ ሳስብ ኖርሁ። ባለፈው ሳምንት ለልጃችን መልሱን ከላክን በኋላ ዝናሽን ጠየቅኋት፤ «እውነት ቆላው ገድሏት ቢሆን ኖሮ ደጋ ትቀሪ ነበር?»

«የሰርግ ልብሴን፣ ጌጤን ሁሉ ሳጥን ውስጥ ትቼልህ አልነበር የሄድሁት?» አለችኝ። «ልትቀር የምትሄድ ሴት ልብሷን ትታ ትሄዳለች?»

ሳጥኑ ያን ክረምት በሙሉ ከአልጋዬ ግርጌ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ከፍቼ አላየሁም። አብሬያት ሳቅሁ፤ ግን ትንሽም አዘንሁ፤ ያን ሁሉ ክረምት ደስ ብሎኝ ልጠብቃት እችል ነበር።